አቼቶ ካወቃችሁ አሴታቡለም አይከብዳችሁም

ውድ የፒሲ ዋን (የሕክምና ትምህርት ቅድመ ክሊኒክ አንደኛ ዓመት) ተማሪዎች፣

አናቶሚ ስትጀምሩ የስሙ ብዛት ያስደነግጣል። አብዛኛው ላቲን ነው። ብዙዎቻችሁም መፍትሔው ሌሊቱን ሙሉ መሸምደድ ይመስላችኋል። እኔ የአጥንት ሐኪም ነኝ፤ ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ። የተሸመደደ ስም ከፈተናው ማግስት ይተናል። ስለዚህ አንድ ስም ልፍታላችሁ፦ አሴታቡለም።

የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት የዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ነው። ‹አሴተም› በላቲን ኮምጣጤ ማለት ነው። ጣሊያኖች ‹አቼቶ› አሉት፤ እኛም ከነሱ ወስደን ሰላጣ ላይ እናፈሰዋለን። ግማሹን ቃል ከእናታችሁ ጓዳ ይዛችሁት መጥታችኋል ማለት ነው! የቀረው ግማሽ መያዣ ዕቃን ያመለክታል። ሮማውያን ገበታ ላይ ኮምጣጤ የሚያቀርቡባት ትንሽ ዕቃ አሴታቡለም ትባል ነበር። መለኪያም ነበረች፤ 68 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ከቡና ስኒያችን እምብዛም አትርቅም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም ቃሉን ለዳሌ መገጣጠሚያ ተጠቅሞበታል።

አሁን ስኒዋን እያሰባችሁ አጥንቱን አንሱ። ዙሪያዋን ላብረም የሚባል ቀለበት ይከባታል፤ ላብረም ራሱ ከንፈር ነው። አፏ ግን ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ ጎን፣ ወደ ታችና ትንሽ ወደ ፊት ያያል። የዳሌ አጥንት ሦስቱ ክፍሎች፣ ኢሊየም፣ ኢስኪየምና ፑቢስ፣ እዚያ ተገናኝተው በጉርምስና ዕድሜ ይዋሃዳሉ። ይህ ፈተና ላይ ይመጣል፣ በኔ ይሁንባችሁ።

ጥቅሙ ግን ከፈተና ያልፋል። መኪና ሲጋጭ የተሳፋሪው ጉልበት ዳሽቦርዱን ይመታል። የጭን አጥንቱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ራሱም የስኒዋን የኋላ ግድግዳ ሊሰብረው ይችላል። ስኒዋን በደንብ የሚያውቅ ሐኪም ጉልበቱን ብቻ አይቶ በሽተኛውን አይሸኝም። ዳሌውንም ራጅ ያስነሳል።

ደግሞ ስም ሁሉ አይታመንም። አንዳንድ የጥንት ግሪክ ሐኪሞች አርተሪ (ከልብ ደም የሚወስደው ቧንቧ) አየር ይይዛል ብለው ያምኑ ነበር፤ የአየር ቧንቧንም በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ሬሳ ላይ ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው። በኋላ ጋለን የተባለው የጥንት ሐኪም በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ደም እንደሚይዝ አሳየ። ስሙ ግን ሳይቀየር እኛ ዘንድ ደረሰ። ስለ አርተሪ ሥራ ስሙን ሳይሆን ፊዚዮሎጂን ጠይቁ።

ለነገ ፓቴላን (የጉልበት ሎሚን) እና ቲቢያን (የቅልጥም አጥንትን) ፍቱልኝ። አንዱ ትንሽ ሳህን ነው፣ ሌላው ዋሽንት። የቱ የቱ እንደሆነ አጥንቶቹን ስትይዙ ትለዩታላችሁ።