ሴንሰር ከማስገዛታችሁ በፊት ገመዱን ዳብሱ

ታናናሾቼ፣ ባህር ዳር ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ክረምት ሲገባ የገጠር መንገድ ጭቃ ለብሶ፣ የኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት፣ መብራቱ በርቶ የሚመጣ መኪና ይበዛል። የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ስካነር ትሰካላችሁ። "የግራ ፊት ጎማ ሴንሰር" ይላል፤ የጎማውን የመዞር ፍጥነት የሚለካው ማለት ነው። ወዲያው ባለቤቱን ሴንሰር እንዲገዛ ትልካላችሁ። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት መምህርት አሮጌ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ኮዱ የግራ ፊት ነበር፤ ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ መብራቱ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ያስገባሁት ያገለገለ ስለሆነ ነው ብዬ ሌላ አስገዛኋቸው። እንደገና በራ። መጀመሪያ ማውጣት የነበረብኝን ቴስተር ያወጣሁት ያኔ ነው። ሶኬቶቹን ነቅዬ ከሴንሰሩ እስከ ሞጁሉ፣ ማለትም እስከ ኤቢኤሱ ኮምፒውተር፣ የሚሄደውን ሽቦ ለካሁ። ደህና ነው። መሪውን ወደ ቀኝ እስከ ጥግ ሳዞረው ግን ንባቡ ጠፋ። ገመዱን በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ። ከጎማው ጀርባ፣ በሚተጣጠፍበት ቦታ፣ ላስቲኩ ምንም አልሆነም፤ ስይዘው ግን ልፍስፍስ አለ። በምላጭ ስሰነጥቀው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። በዚያች መኪና ሴንሰሩ ለብቻው ይነቀላል፤ ያንን ገመድ ሁለቴም አልነካሁትም ነበር።

ኮድ ሰፈሩን ይነግራችኋል እንጂ ቤቱን አያሳያችሁም። በዚያ ሰፈር ሴንሰሩ፣ ገመዱ፣ ሶኬቱ፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርስ ያለው ቀለበትና ኩሽኔታው ሁሉ አሉ። ፊውዙንና ባትሪውን ደግሞ ከሁሉ በፊት እዩ። ያረፈ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞጁሉ የደከመ ባትሪም ያስቸግረዋል።

የድሮዎቹ ባለ ማግኔት ሴንሰሮች በኦም ይለካሉ፤ ብዙዎቹ ከ1000 ኦም ወዲህና ወዲያ ናቸው። የግራውን ከቀኙ ጋር አስተያዩት። ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ በእጅ ስታዞሩት ቴስተሩ በኤሲ ትንሽ ቮልት ማሳየት አለበት። አዲሶቹ ግን ከሞጁሉ ኃይል ተቀብለው የሚሠሩ ናቸው። እነሱን በኦም አትለኩ፣ ልታቃጥሏቸው ትችላላችሁ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሶኬቱ ላይ ቮልት መድረሱን እዩ። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ሽቦ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም፤ የመኪናውን ማንዋል አንብቡ።

መብራት ሳይበራ የሚያስቸግርም አለ። መኪናው በደረቅ አስፋልት ቀስ ብሎ ሊቆም ሲል ፍሬኑ እግር ስር ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ ከሴንሰሩ ስር ዝገት አብጦ ከቀለበቱ አርቆታል። ሞጁሉ ጎማው የቆመ ይመስለዋል። ሴንሰሩን ፍቱ፣ መቀመጫውን እስኪያበራ ድረስ አጽዱ። አዲስ ዕቃ ላያስፈልግ ይችላል።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። "መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ" የሚል ደንበኛ ይመጣል። እሺ አትበሉት። የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፤ እውነት ነው። ግን በዘንባባው ጎዳና ዝናብ ጥሎ ባጃጅ ድንገት ሲገባበት፣ ጎማው ከተቆለፈ መሪው አይታዘዘውም። መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰውም ምንም አያውቅም። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ደግሞ ምክንያቱን ሳታገኙ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።

የመምህርቷን ገመድ በአዲስ ቀየርኩ፤ መሪው ሲዞር እንዳይወጠር ዘና አድርጌ አሰርኩት። የሁለቱንም ሴንሰር ገንዘብ መለስኩላቸው። ከዚያ ከጣና ዳር እስከ ዓባይ ድልድይ አብረን ነዳን። በየመታጠፊያው መሪውን ሳዞር ሁለታችንም ዳሽቦርዱን እናይ ነበር።