ዜድ-23 ላይ የቱ መድፍ ይሻላል?

ወንድሜ፣ «ወርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ የሚባለው የመርከብ ጦርነት ጌም ላይ የጀርመኗን ዲስትሮየር (አነስ ያለች ፈጣን የጦር መርከብ) ዜድ-23ን ከፈትኩ፤ 150 ሚሊ ሜትሩን መድፍ ልግጠም ወይስ 128ቱን? ለምንስ ሁሌ ቀድሜ እሰምጣለሁ?» ብለሃል።

128ቱን ግጠም። በሁለቱም ብዙ ተጫውቻለሁ። 150ው ሲያገኝ ደስ ይላል፣ አልክድም። ጎኑን የሰጠህ ክሩዘር (ከዲስትሮየር ተለቅ ያለ የጦር መርከብ) ላይ ብረት በሺ ጥይት ስትለቅበት ታዝናለታለህ። ዲስትሮየር ለዲስትሮየር ስትገናኙ ግን ፍጥነት ነው ወሳኙ። 150ው ቶሎ አይጎርስም። ከፊት ያለው መንታ መድፍ ደግሞ ለመዞር ይለግማል። አንተ መርከቧን አጥፈህ ጨርሰሃል፣ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው። የአሜሪካኗ ዲስትሮየር ቤንሰን እስከዚያ ታወርድብሃለች።

የሚገርመው፣ የእውነተኛዋም ዜድ-23 ጣጣ ይኸው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1940 አገልግሎት ስትጀምር መንታው መድፍ አልደረሰም ነበርና ከፊት ነጠላ ነው የተገጠመላት። በኋላ መንታው ሲመጣ አፍንጫዋ ከበደ፣ ማዕበል ላይ ውሃው ፊቷን ያለብሳት ጀመር። አንዱ ጥይት 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሚናወጥ መርከብ ላይ ይህን እየተሸከሙ ማጉረስ እንግዲህ አስበው።

ዲሴምበር 28 ቀን 1943 ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሆነውን እይ። 5 የጀርመን ዲስትሮየሮችና 6 ቶርፒዶ ጀልባዎች ከሁለት የእንግሊዝ ክሩዘሮች፣ ከግላስጎውና ከኢንተርፕራይዝ ጋር ገጠሙ። 11 ለ2! የዲስትሮየሮቹ መድፍ በውፍረት ከክሩዘሮቹ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን ባሕሩ ተቆጥቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ማዕበል ደግሞ ሰፊና ከባድ መርከብ ነው ረጋ ብሎ የሚተኩሰው። ዜድ-27፣ ቲ-25 እና ቲ-26 ሰመጡ። ዜድ-23ም እዚያው ነበረች፣ ተርፋ ተመለሰች። ጌሙ ላይ ማዕበሉ ለዓይን ብቻ ስለሆነ ከዚህኛው መዓት ድነሃል።

ቀድመህ የምትሰምጠው ግን በመድፉ የተነሳ አይመስለኝም። ይቺ መርከብ እንደ ጃፓኖቹ አትደበቅም። የነሱዋ ዲስትሮየር ካገሮ አንተ ሳታያት ታይሃለች። ስለዚህ ብቻህን ቀድመህ ካፕ (ነጥብ ለማግኘት የሚያዘው ክልል) ውስጥ አትግባ። ደሴት ተከልለህ ተጠጋ። ሃይድሮውን (በቅርብ ያለ መርከብና ቶርፒዶ በጭስም ውስጥ የሚያሳይህን መሣሪያ) ቶርፒዶ ካየህ በኋላ ሳይሆን ልትገባ ስትል ተጫነው። ስሞክ (መደበቂያ ጭስ) ውስጥ ተመቻችቶ የተቀመጠው ዲስትሮየር በቅርብ ርቀት ፍጥጥ ብሎ ይታይሃል። ያኔ አንዱን ባለ 4 ቶርፒዶ ማስወንጨፊያ በሚሄድበት አቅጣጫ ልቀቅ፣ ሁለተኛውን ለጊዜው አቆየው። መጀመሪያውን ሊሸሽ ሲታጠፍ ነው የሚበላው።

ስሞክህ ቶሎ ይበናል፣ ለማምለጫ እንጂ ተቀምጠህ ለመተኮስ አይሆንም። የአሜሪካኗ ክሩዘር ክሊቭላንድ የት እንዳለች ሳታውቅ ደግሞ ካፕ እንዳትገባ። ራዳሯ ከአንተ ሃይድሮ እጅግ ይረዝማል፣ ተራራ ጀርባ ሆናም ታሳይሃለች።