የአባት ጠመንጃና የልጅ ፈቃድ

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ ነዋሪ ነኝ። አባታችን በቅርቡ ሲያርፉ በስማቸው ፈቃድ የነበረው አንድ ክላሽ በቤት ቀርቷል። ታናሽ ወንድሜ «ዘረፋና እገታ በበዛበት ጊዜ መሣሪያ ማስረከብ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው፤ ሕጉም የሚይዘው ሰላማዊውን እንጂ ሽፍታውን አይደለም» ይላል። መሣሪያውን ወርሰን ማቆየት እንችላለን? ሌሊት ቤት ሰብሮ በገባ ሰው ላይ ብንተኩስስ እንጠየቃለን?

መልስ፦ በቅድሚያ የአባትዎን ነፍስ ይማር። በለቅሶው ላይ ለፉከራና ለቀረርቶ የሚወጣ የሟች ጠመንጃ በእኛ አገር ከንብረትነት ያለፈ ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፤ ሕጉ ግን የሚመለከተው ፈቃዱን ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥርዓት ፈቃድ የሚሰጠው የአመልካቹ ዕድሜ፣ የአእምሮ ጤንነትና ጠባይ ተመዝኖ ስለሆነ፣ ለአባትዎ የተሰጠው ፈቃድ እንደ ቤትና እንደ ከብት ለወራሽ አይተላለፍም። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ በራሱ ስም ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ማቆየት ያለ ፈቃድ መያዝ ይሆናል፤ ለዘመድ መሸጥም ነገሩን የባሰ ያከብደዋል።

ወንድምዎ ያነሡት ክርክር ተራ አይደለም፤ ግማሹም እውነት ነው። ሽፍታ ፈቃድ ሊጠይቅ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም፤ ፖሊስ በሌሊት ሊደርስበት በማይችልበት ሰፈር ያለ ሰው ስለ መሣሪያው ቢሰጋ አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ በጥብቅና ሥራዬ በእጄ ያለፉት የግድያ መዝገቦች በአብዛኛው የማይታወቅ ወንበዴ የፈጸማቸው ሳይሆኑ፣ በእርሻ ድንበር፣ በመጠጥ ቤት ጠብ ወይም በቆየ ደም የተነሣ ገዳይና ሟች የሚተዋወቁባቸው ነበሩ። ለሌባ ተብሎ አልጋ ሥር የተቀመጠ ክላሽ ለጎረቤት ጠብም ቅርብ ነው። ቁጥሩና ባለቤቱ የተመዘገበ መሣሪያ ደግሞ ቢያንስ ማን እንደተኮሰበት ለመመርመር መነሻ ይሰጣል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከፈቃድ ጋር መምታታት የለበትም። ፈቃድ የመያዝ መብት ነው፤ መተኮስን የሚዳኘው የ1996 የወንጀል ሕግ ነው። በአንቀጽ 78 መሠረት ራስን ወይም ሌላውን ለመከላከል የተደረገ ድርጊት የማያስቀጣው፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ለማስቀረት የማይቻል ሲሆን፣ መከላከያውም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር ሲመጣጠን ነው። ስለዚህ መሣሪያ ይዞ መኝታ ክፍል በገባ ሰው ላይ መተኮስና በግ ጥሎ በአጥር ዘሎ የሚሸሽን ሰው ከጀርባው መምታት በፍርድ ቤት ፊት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው መከላከል ሳይሆን መበቀል ነው፣ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስከትል ይችላል። የመከላከል ሁኔታው ኖሮ መጠኑ ብቻ ከታለፈ አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል ይፈቅዳል፤ መጠኑ የታለፈው ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ እስከ ጭራሹም ላይቀጣ ይችላል። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰው ቢገድል ደግሞ «አላሰብኩም» ማለት አያድንም፤ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ይቀጣል።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። መሣሪያውን ተሸክመው በከተማ አይሂዱ። አስቀድመው የአባትዎን የፈቃድ ወረቀት፣ የሞት የምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይዘው ለሚመለከተው የፖሊስ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ከማመልከቻዎ ቅጂ ላይ ማኅተም ያስደርጉ፤ መሣሪያውን የሚያስረክቡ ከሆነ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ፈቃዱ በእርስዎ ስም ቢሰጥ ወንድምዎ በዚያ ፈቃድ መሣሪያውን ይዞ መውጣት እንደማይችል ከወዲሁ ይንገሩት።