ጥቁሩ ለምን ቡኒ ይላል? የጨለማ ክፍል ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። በጨለማ ክፍል የሚታተም ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ወደ ቡኒ የማያደላ፣ ጥርት ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ጥቁር እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ፦ በቀይ መብራት ሳየው ጥቁሩ ግሩም ነበር። ሳሎን ሳወጣው ቡኒ ሆነብኝ።

መልስ፦ በቀይ መብራት ቀለም አይዳኝም። ይድረቅና በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ይዩት። የሳሎን ቢጫ አምፖልም ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የጻፉልኝ ወንድም ቅሬታቸው ረጅም ነው። ባጭሩ፣ ወረቀቱ ደህና ነው፣ ዴቨሎፐሩም (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) የታወቀ ነው፤ ፎቶው ግን ቡኒ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ የሚወስደው ግራጫ ይሆናል። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላሉ፦ «ቶሎ ስለሚጠቁርብኝ በግማሽ ደቂቃ አወጣዋለሁ።»

መልስ፦ ችግሩ እዚያች መጨረሻ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። እባክዎ ይህን ልማድ ይተዉ። ብዙ ጥሩ ፎቶ የሚበላሽበት መንገድ ይኸው ነው።

ወረቀቱ ላይ የምናየው ጥቁር በጣም ደቃቅ የብር ማዕድን ቅንጣቶች ናቸው። ቅንጣቶቹ በጣም ትንንሽ ሲሆኑ ለዓይን ቡኒ ይመስላሉ። ሲያድጉ ደግሞ ጥቁሩ ይጠራል፣ ይቀዘቅዛል። ማደግ የሚችሉት ዴቨሎፐር ውስጥ በቂ ጊዜ ሲያገኙ ነው። በግማሽ ደቂቃ የተነሳ ፎቶ ዓይን ሳታወጣ ከምጣድ እንደተነሳች እንጀራ ነው። ጥቁሩም አቅም ያጣል፣ እዚህም እዚያም ይዥጎረጎራል።

ታዲያ ለምን ቶሎ ጠቆረ? ኢንላርጀሩ (የፊልሙን ምስል አጉልቶ ወረቀቱ ላይ የሚያበራው መሣሪያ) ላይ ብርሃን ስለበዛበት ነው። የሌንሱን ቀዳዳ አንድ ደረጃ ያጥብቡ፣ ወይም ብርሃን የሚያርፍበትን ሰዓት በግማሽ ይቀንሱ። ከዚያ አርሲ (በፕላስቲክ የተለበጠ) ወረቀት ከሆነ 1 ደቂቃ ያህል፣ ፋይበር (ያልተለበጠ) ከሆነ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ያቆዩት። ሰዓትዎን ይመኑ እንጂ በቀይ መብራት የሚያዩትን አይመኑ። ፎቶው ሙሉ ጊዜውን ጨርሶ አሁንም ከጠቆረ፣ የሚስተካከለው ብርሃኑ ነው፤ የዴቨሎፐሩ ደቂቃ አይነካም።

ሁለተኛ፣ አረንጓዴው። እያንዳንዱ ወረቀት ዴቨሎፐሩ ውስጥ ብሮማይድ የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ብሮማይዱ ሲጠራቀም ጥቁሩ ወደ ቡኒና አረንጓዴ ይጎተታል። ትናንት የተሠራበትን ዴቨሎፐር ቆጥቦ ዛሬ ቀዝቃዛ ጥቁር መጠበቅ አይሆንም። ወረቀትም ዴቨሎፐርም ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከሁለቱ የሚረክሰው ዴቨሎፐሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ክረምት ነው። የሐምሌ ማታ ክፍሉም ውኃውም ይቀዘቅዛል፤ ዴቨሎፐር ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ደግሞ ብርድ አይወድም፣ ይለግማል። ትሪውን ለብ ያለ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡና 20 ዲግሪ ላይ ያቆዩት።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልተለወጠ የወረቀቱን ካርቶን ያንብቡ። «ዋርምቶን» ካለ ቡኒነቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ኢልፎርድ የተባለው ኩባንያ «ኩልቶን» የሚለው ወረቀት ግን ከጅምሩ ለቀዝቃዛ ጥቁር የተዘጋጀ ነው።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን፦ ዴቨሎፐር ውስጥ የሚጨመረው ቤንዞትራያዞል የሚባል ኬሚካል ጥቁሩን ወደ ሰማያዊ ይወስዳል ሲባል ሰማሁ። ስንት ልጨምር?

መልስ፦ ይወስዳል። በ1 ፐርሰንት የተበጠበጠውን ለአንድ ሊትር ለሥራ የተዘጋጀ ዴቨሎፐር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ጨምረው ይጀምሩ። ወረቀቱ ስለሚዘገይ ብርሃን መጨመር ይኖርብዎታል። ፖታሲየም ብሮማይድ ግን አይጨምሩ፤ ሥራው ተቃራኒ ነው። ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ዌስተን ይጠቀምበት የነበረው አሚዶል የተባለ ዴቨሎፐርም ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሰጣል። ውድ ነው፣ ጥፍር ያጠቁራል፣ ከተበጠበጠ በኋላ ሳይውል ሳያድር መጠቀም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሴሌኒየም ቶነር (ፎቶው ቀለሙ እንዲለወጥ የሚነከርበት ፈሳሽ) ጥቁሩን ያቀዘቅዛል? ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ በጓንት ብሠራ ምን አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። አይሥሩ። ሴሌኒየም መርዝ ነው። ጓንት እጅን ይከላከላል እንጂ የሚተነፍሱትን አያጣራም። ወጥ ቤት ደግሞ የኬሚካል ቦታ አይደለም፣ ለማንም። የኬሚካሉ ስም የተጻፈበትን ጠርሙስ ወይም የጠርሙሱን ፎቶ ይዘው ለሚከታተልዎ ሐኪም ያሳዩ። ስለ ዴቨሎፐሩና ስለ ፊክሰሩም (ፎቶው በብርሃን እንዳይበላሽ የሚያጸናው ፈሳሽ) አብረው ይጠይቁ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ጨለማ ክፍል አይግቡ። ፎቶው ይደርሳል።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ውጤቱ እንደ ወረቀቱ ነው። በቀዝቃዛ ወረቀት ላይ አንድ እጅ ቶነር ከ20 እጅ ውኃ ጋር ሲሆን አረንጓዴውን ያጠፋል፣ ጥቁሩንም ያጠልቃል። ፎቶ አንሺው አንሰል አዳምስም ይጠቀምበት ነበር። ሲበረታ ወይም ሲቆይ ግን ወይን ጠጅ ይጀምራል። በዋርምቶን ወረቀት ላይ ደግሞ ጭራሽ ቀይ ቡኒ ያደርጋል። የእውነት ሰማያዊ የፈለገ የወርቅ ቶነር ይሞክር። ክፍሉ አየር ይኑረው፤ ፎቶው ከፊክሰር በደንብ ሳይታጠብ ሴሌኒየም ውስጥ ከገባም ቢጫ እድፍ ያወጣል።

ጥያቄ፦ የአያቴ ፎቶ ቢጫ ሆኗል። ቶነር ውስጥ ብነክረው ይጠቁራል?

መልስ፦ በፍጹም አይንከሩት። በጥሩ ካሜራ ያንሱትና ቅጂው ላይ ይሥሩ። ዋናውን የአሮጌ ፎቶ ጥገና ባለሙያ ካገኙ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ከዱባይ፦ በበጋ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ይፋጃል። ዴቨሎፐሩን በምን ላቀዝቅዘው?

መልስ፦ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዘው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ ጠርሙሱን ትሪው ውስጥ ያስቀምጡ። 20 ዲግሪ ሲደርስ ያውጡት። በረዶውን በቀጥታ አይጨምሩ፤ ዴቨሎፐሩ ይቀጥናል።