ሻንሲና የፊት እግር ማጠናከር፦ የፒካፕ ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ከመሐል ሜዳ፦ ሀይሉክስ ነው። ጋቢናውና የጭነት ሳጥኑ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ሻንሲው (መኪናው የተሠራበት የብረት አጽም) ተሰንጥቋል። ግቢዬ ውስጥ የብየዳ ማሽን አለኝ፤ ወፍራም ላሜራ ለጥፌ ልበይደው?

ይበየዳል። ግን መጀመሪያ ለምን እንደተሰነጠቀ ይወቁ፤ አለዚያ ስንጥቁ ከላሜራው ጫፍ አጠገብ ተመልሶ ይመጣል። ሻንሲ የሚሰበረው ለስላሳው ክፍል ከጠንካራው በሚገናኝበት ነው። ወፍራም ላሜራ ለጠፉ ማለት ደግሞ አዲስ መገናኛ ሠሩ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከኋላ ጎማው ዘንግ አልፎ የተጫነው ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ያህል አለ እንበል። 3 ኩንታል ገብስ ከኋላ ዘንጉ 1 ሜትር አልፎ ቢቀመጥ የኋላው እግር 400 ኪሎ ይሸከማል፤ ከፊቱ ደግሞ 100 ኪሎ ይነሳለታል። ይህ ሁሉ የሚያጥፈው ከጋቢና ጀርባ ያለውን ሻንሲ ነው። ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል ሞላ) ተጨምሮ ከሆነም ያው ነው፤ ባሌስትራው አልታጠፍ ሲል ድንጋዩ የሚመታው ሻንሲውን ይሆናል።

እሺ፣ ስንጥቁን እንዴት ልዝጋው?

ጭነቱን ያውርዱ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አይተዉት፤ ሻንሲውን በአራት ቦታ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ያሳርፉት። ከግራና ከቀኝ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ላይ ቱንቢ ጥለው ሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና ሁለቱን ሰያፍ ልኮች ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ካለፈ ሻንሲው ተጣሟል፤ እንደተጣመመ ቢበይዱት ጎማ ሲበላ ይኖራል።

የስንጥቁ ጫፍ የት እንደሆነ ዓይን ይሳሳታል። ቀለሙን ያንሱ፣ ላምባ ይቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ አጥርተው ይጥረጉና ጠመኔ ያሹበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ላምባ ነጩ ላይ እንደ ፀጉር መስመር ሆኖ ይወጣል። መስመሩ ያለቀበት ላይ በትራፓኖ 5 ሚሊ ቀዳዳ ይብሱ፤ ስንጥቁ እንዳይሄድ የሚያቆመው ይህ ነው። ላምባውን ከውስጥም ከውጭም ጠራርገው ሳያደርቁ እሳት አያቅርቡ። የነዳጅ መስመርና የፍሬን ቱቦ ካለም ይፈቱ።

ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር በቪ ቅርጽ ከፍተው ሙሉ በሙሉ ይሙሉት፤ ከላይ ያበጠውን አስተካክለው ይሞርዱ። አሁን ላሜራው። ውፍረቱ ከሻንሲው አይበልጥ፤ ሻንሲው 4 ሚሊ ከሆነ ላሜራውም 4 ሚሊ ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ቢያንስ 20 ሳንቲም ይለፍ። ሁለቱ ጫፎች በ45 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሾለ ማዕዘን ይቆረጡ፤ ሹሉም ይድቦልቦል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጫፍ ሻንሲውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። የሚበየደው በሻንሲው ጎን እንጂ ከላይና ከታች ባለው ከንፈር ላይ አይደለም፤ ከከንፈሩ 2 ሳንቲም ይራቁ። ላሜራውን ሲበይዱ ከላይ ወደ ታች የሻንሲውን ቁመት የሚያቋርጥ ስፌት ፈጽሞ አይሥሩ።

አንድ ጊዜ 4 ሳንቲም ያህል ይበይዱ፣ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሂዱ፣ ይመለሱ። በአንድ ትንፋሽ የተሰፋ ሻንሲ ሲቀዘቅዝ ወደ ብየዳው ይጎብጣል። ውኃ አይድፉበት፤ ራሱ ይብረድ። በመጨረሻም አንቲረስት ይቀቡና በስፌቶቹ መካከል የቀረውን ክፍተት በሲላንት ይድፈኑ፤ ጭቃ ከገባ ሁለቱ ብረቶች ከውስጥ ተያይዘው ይዝጋሉ።

ከደብረ ብርሃን፦ ኤሌክትሮዱ (የብየዳ ዘንጉ) 6013 ይሁን 7018?

7018 ይሻላል፤ ግን ደረቅ ከሆነ ነው። ክረምት ላይ ፓኬቱ ተከፍቶ ያደረ 7018 እርጥበት ጠጥቶ ብየዳውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ እንዲያ ከሆነ ደረቅ 6013 ይሻላል። ለ4 ሚሊ ብረት 2.5 ሚሊው ኤሌክትሮድ በ80 አምፔር አካባቢ ይጀመራል። ረጅምና ቀጭን ገመድ ከቤት ከሳቡ ማሽኑ 80 ቢልም ብየዳው ከላይ ብቻ ይለጠፋል። መጀመሪያ ሁለት ቁራጭ በይደው ሞርሳ ላይ በመዶሻ ይስበሩ፤ ብየዳው እንደ ቅርፊት ከተላጠ ሻንሲውን አይንኩ። በውርጭ ጠዋት ደግሞ ብረቱን እጅ እስኪሞቀው ድረስ ያሙቁት።

ባትሪ መንቀል ግድ ነው?

ግድ ነው። ኮምፒውተር ካለው የእሱም ሶኬት ይነቀል። የማሽኑን መሬት (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይሰኩ፤ ራቅ ካለ ኃይሉ በኩሽኔታ አልፎ ያቃጥለዋል።

ከአንኮበር፦ ኮረኮንች ላይ መሪው ይዘላል። የመሪ ሳጥኑ የታሰረበትን ሻንሲ ላጠናክር?

አስቀድመው ቴስታዎቹንና ባልጆይንቱን (የመሪውንና የፊት እግሩን መገጣጠሚያዎች) ያስፈትሹ። እነሱ ደህና ከሆኑ ሞተሩን አስነስተው አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ያዙር፣ እርስዎ የፊት ሻንሲውን ይዩ። ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ የሻንሲው ግድግዳ አብሮ ገባ ወጣ ካለ ችግሩ እዚያ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ላሜራ ብቻውን አይበቃም። ሻንሲው በአራቱም ጎን የተዘጋ ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል፣ ይላላል፣ እንደገና ይጠብቃል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቡሎን ወፍራም ቱቦ ከሻንሲው ስፋት ጋር እኩል ቆርጦ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ማስገባትና ሁለቱን ጫፍ መበየድ ነው። ያኔ ቡሎኑ የሚጫነው ቱቦውን ነው። የቡሎኑ ራስ ላይ ቢያንስ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይኑር፤ ፋብሪካው 10.9 ካሰረ 10.9 ይመለስ። ቁጥር የሌለው ቡሎን ለአጥር ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ ከውኃ ቧንቧ የፊት መከላከያ ብረት ባሠራ?

የውኃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል። ጥቁር ቧንቧ ይግዙ። ከሻንሲው ጋር በቡሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ። ኤርባግ ላለው መኪና በግቢ የተሠራ አልመክርም፤ የፊተኛው ሻንሲ እንዲታጠፍ የታሰበበትን ቦታ ካደነደኑት ኤርባጉ ጊዜውን ይስታል። ራዲያተሩንም አይሸፍኑት፤ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ድረስ ዳገቱ ብዙ ነው።

ብረቱን ካሰርኩ በኋላ ፊቱ ወረደ። የቶርሽን ባሩን (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራውን የፊት ብረት ዘንግ) ቡሎን ላጥብቀው?

ጥቂት ይቻላል። አብዝተው ካጠበቁ እግሩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ የአክስሉ መገጣጠሚያም በሹል ማዕዘን እየዞረ ያልቃል። ካጠበቁ በኋላ የጎማ አላይመንት ያሠሩ። የፊቱ ባሌስትራ የሆነ አሮጌ ሀይሉክስ ከሆነ አንድ ቅጠል መጨመር ይበቃል።

የሻንሲ ቁጥሩ አካባቢስ ማጠናከር ይቻላል?

አይነካም። ሀይሉክስ ላይ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ተመትቷል። ግራይንደር ነክቶት ቢደበዝዝ ዓመታዊ ምርመራ ላይም ሽያጭ ላይም መከራ ነው። ሥራ ሳይጀምሩ በጨርቅ ጠርገው ፎቶ ያንሱትና በቁራጭ ላሜራ ይሸፍኑት።