የጋራዥ ሴል ወቅት መጣ፦ ከሲያትል አንባቢዎች የደረሱን ጥያቄዎች

ሜይ ወር ሲገባ ሲያትል ውስጥ ጋራዡን ከፍቶ ያገለገለ ዕቃውን ለሽያጭ ደጅ የማያወጣ ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። የእናንተም ጥያቄ አብሮ ይበዛል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ውስጥ ብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጬ መልሻለሁ።

እዚህ አገር ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነው። ሰው ሁሉ «ከጋራዥ ሴል ነው የገዛሁት» ይላል። የትና መቼ ነው የሚገኘው? (ከሬይነር ቢች)

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከዌስት ሲያትል ጀምር። እዚያ ከ2005 ጀምሮ የቆየ ልማድ አለ። በሜይ ወር ሁለተኛው ቅዳሜ ሰፈሩ በአንድ ቀን ዕቃውን ያወጣል። የሚሸጡት ቤቶች ካርታ ቀደም ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይለቀቃል። ዓርብ ማታ ካርታውን አይተህ የምትሄድበትን ለይ፤ አለዚያ ቀኑ መኪና ማቆሚያ ስትፈልግ ያልቅብሃል። ከዚያ በኋላ ጥሩው ጊዜ ጁላይና ኦገስት ነው፤ ዝናቡ ፋታ የሚሰጠው ያኔ ነው።

«ኢስቴት ሴል» የሚል ምልክት ካየህ ነገሩ ሌላ ነው። ባለቤቱ አርፎ ወይም አርጅቶ ቤቱን ስለለቀቀ የቤቱ ዕቃ በሙሉ ይሸጣል። በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ጠንከር ይላል፤ በመጨረሻው ቀን ብዙ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል። ስትገባ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ የሟች ልጆች እዚያው ቆመው ሊሆን ይችላል። የትም ብትሄድ ዝርዝር ካሽ ያዝ፤ የተባለው ሰዓት ሳይደርስም የሰው በር አታንኳኳ።

ለእንጀራ የሚሆን ምጣድ በጋራዥ ሴል ይገኛል ይባላል፤ እውነት ነው? የአዲሱ ዋጋ አይቀመስም። (ከሬንተን)

እውነት ነው፤ የት እንደሚፈልጉትም ልንገርዎት። ባላርድ ይሂዱ። ባላርድ የድሮ የኖርዌይና የስዊድን ስደተኞች ሰፈር ነው። ኖርዌጂያኖች ሌፍሴ የሚሉት ስስ የድንች ቂጣ አላቸው። እሱን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሐበሻ እንጀራ የሚጋግረው በዚሁ ነው። አያት ሲያርፉ ወይም ቤተሰቡ ወደ ጠባብ ቤት ሲገባ ምጣዱ ደጅ ይወጣል። ለገና ብቻ እየተነሣ ስለኖረ አዲስ የሚመስል ያጋጥማል።

ሲያገኙት ግን አይቸኩሉ። ሳይሰካ ፊቱን በመዳፍዎ ይዳብሱት፤ በቢላ የተቧጨረ ከሆነ እንጀራው ይይዛል። ቀጥሎ ገመዱን ይጠይቁ። የሙቀት መቆጣጠሪያው ያለው ገመዱ ላይ ነው፤ ከምጣዱ ስለሚነቀልም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ ሰክተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ በዚህ ማንም አይከፋም። ሲግል ውኃ በጣትዎ ረጨት ያድርጉበት። ጠብታው መሀሉም ዳሩም ላይ እኩል እየዘለለ ከጠፋ ጥሩ ነው። መሀሉ ላይ ዘሎ ዳሩ ላይ ከተኛ እንጀራዎ ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል፤ ይተውት። ቤት ሲደርሱ አጥበው እንደ ማንኛውም አዲስ ምጣድ ያሟሹታል። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ቢበላሹ ተስፋ አይቁረጡ፤ ምጣዱ ከእጅዎ እስኪለማመድ ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ። የሕፃን አልጋና የመኪና ወንበር ከጋራዥ ሴል ብገዛ ምን ይላሉ? (ከስካይዌይ)

በሽልም ያውጣሽ እህቴ። የመኪና ወንበሩን ከማታውቂው ሰው በፍጹም አትግዢ። አደጋ ያየ ወንበር ከላይ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ታሪኩን ከምታውቂው ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆነ የምትወስጂው፣ ገልብጠሽ የተጻፈበትን ቀን እይ፤ ጊዜው ያልፋል።

አልጋውን በተመለከተ፣ ጎኑ ወደ ታች የሚወርደውን ዓይነት ከጁን 2011 ጀምሮ መሸጥ በመላው አሜሪካ ክልክል ነው፤ አሮጌውንም ጭምር። በሚወርደው ጎንና በፍራሹ መካከል ተይዘው የሞቱ ሕፃናት አሉ። አልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ወፍራም መከታና ሕፃን ዘንበል አድርጎ የሚያስተኛው መኝታም በ2022 በወጣ ሕግ ታግደዋል። ሻጩ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አንቺ እወቂው። ሌላ የሕፃን ዕቃ ስታገኚ የሞዴል ቁጥሩን እዚያው ቆመሽ በስልክሽ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ፈልጊ። ከገበያ ይሰብሰብ የተባለ ዕቃ ጋራዥ ሴል ላይም መሸጥ የለበትም።

ልብስ ግን እንደ ልብሽ ግዢ። ሕፃን ልብሱን ሳይጠግበው ነው የሚያድገው። ቤት እንደገባሽ ድራየር (ልብስ ማድረቂያ) ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት አቆዪው፤ ትኋን ቢኖር ይሞታል።

አዲስ አበባ ላለች እህቴ የልብስ ስፌት መኪና ልልክላት ነው። በ40 ዶላር አግኝቻለሁ፤ ይሠራላታል? (ከተክዊላ)

ከመክፈልህ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። አገር ቤት መብራቱ 220 ቮልት ነው፤ እዚህ 120 ነው። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ እዚያ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይቻላል፤ ግን ሌላ ወጪና ሌላ ክብደት ነው። «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ ሶኬቱን ብቻ አስተካክላ ትጠቀምበታለች። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው። ብሌንደር፣ ማይክሮዌቭና ቡና መፍጫ ግን አብዛኛው ለእዚህ አገር መብራት ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለሻንጣህ አዝንለት። በእጅ ወይም በእግር የሚሠራ የድሮ ሲንጀር ካገኘህ ደግሞ አታመንታ፤ መብራት ቢጠፋም እህትህ ሥራ አትፈታም።

ዋጋ መከራከር ነውር ነው?

አይደለም፤ ሻጩም ይጠብቃል። 20 ያሉትን «በ15 ይሰጡኛል?» ማለት ይበቃል። ሁለት ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ከያዛችሁ ደግሞ ይቀንሱላችኋል። ነውሩ የሰውን ዕቃ እያጣጣሉ መከራከር ነው። 1 ዶላር የተባለውን ክፈሉና ውሰዱ።

ወደ ትንሽ አፓርትመንት ልንገባ ስለሆነ ጋራዥ ሴል ላወጣ ነበር። እናቴ ግን «ሰው ምን ይለናል? ስጪ እንጂ አትሽጪ» አለችኝ። ምን ይሻለኛል? (ከቢከን ሂል)

እናትሽ የሚሉት ይገባኛል፤ እኛ ያደግነው የተረፈንን ለዘመድ እየሰጠን ነው። ስለዚህ ከእሳቸው ጀምሪ። ዋጋ ከመለጠፍሽ በፊት ለመስጠት የሚሆነውን አብራችሁ ለዩ። አዲስ የገባ ቤተሰብ ድስት፣ ብርድ ልብስና የተማሪ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ በኩል ማን እንደቸገረው ይታወቃል። ጀበናውን፣ ረከቦቱንና መሶቡን እሳቸው ካላሉ አትንኪ። የቀረውን ሽጪው። የራስን ዕቃ በደጅ መሸጥ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የማይሠራውን ይሠራል ብሎ መሸጥ ነው። የተበላሸ ካለ «አይሠራም» ብለሽ ጻፊበት፤ ጠግኖ የሚጠቀምበት ሰው ይወስደዋል።

ቤዝመንት የከረመ ዕቃ በዚህ ከተማ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ከሳምንት በፊት አውጥተሽ አናፍሺው። ኪሱን፣ መሳቢያውንና የመጽሐፉን ገጽ ሁሉ ፈትሺ፤ ፎቶና የሶሻል ሴኩሪቲ ወረቀት እዚያ ይደበቃሉ። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋ ለጥፊ፤ ዋጋ ያልተጻፈበትን ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ደህና የተያዘ ዕቃ ከአዲሱ ዋጋ ሩብ ካወጣ ጥሩ ነው፤ ልብስ ከጥቂት ዶላር አያልፍም። ትልልቁንና የሚያምረውን ከመንገዱ በኩል አድርጊ፤ መኪና የሚያስቆመው እሱ ነው። ኤሌክትሪክ ለሚፈትሹ ረጅም ገመድ ዘርጊ፤ ለዝናቡ ሸራ አዘጋጂ። ገንዘቡን ወገብሽ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ያዢ። የቤቱን በር ቆልፊ፤ ሽንት ቤት ለሚጠይቅሽም ይቅርታ ጠይቂ።

ከሽያጩ ታክስ ይከፈላል?

ከገዛችሁበት ባነሰ የሸጣችሁት የራሳችሁ ዕቃ የፌዴራል የገቢ ግብር የለበትም። ከገዛችሁበት በላይ ከሸጣችሁት ግን ትርፉ ይታሰባል። እየገዙ መሸጥ ንግድ ነው፤ ሕጉም የንግድ ነው።

አንድ ሰው የ3 ዶላር ዕቃ ገዝቶ 100 ዶላር ሰጠኝና ጨነቀኝ። ደግሞስ ሳይሸጥ የተረፈውን የት ላድርሰው? (ከኬንት)

ዝርዝር የለኝም በል፤ ሐሰተኛ ኖት በዚህ መንገድ ይራገፋል። «በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያው) ልኬልሃለሁ» የሚልህም ካለ የራስህን የባንክ አፕ ከፍተህ ገንዘቡ መግባቱን ሳታይ ዕቃውን አትልቀቅ። የእሱ ስልክ ላይ የሚታየው ማስረጃ አይሆንም።

የተረፈውን «ነጻ» ብለህ ከአጥርህ ውጪ መንገድ ዳር አትተው። ሲያትል ውስጥ ይህ ሕገ ወጥ ቆሻሻ መጣል ነው፤ በኬንትም ቢሆን አታድርገው። በራስህ ግቢ ውስጥ እስከ ማታ ይቆይ፤ ከዚያ የሚጠቅመውን ያገለገለ ዕቃ በስጦታ ለሚቀበለው ለጉድዊል አድርስ። ፍራሽ ግን አይቀበሉህም፤ ለእሱ የቆሻሻ አገልግሎቱን ደውለህ ትልቅ ዕቃ የሚነሣበትን ቀን አስይዝ።