በፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ

አሜሪካ ውስጥ በየኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ) ቢሮ ሥራ የጀመራችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ?

ከነባር አሜሪካውያን ወገን የሆነ ተማሪ ፊታችሁ ተቀምጦ «ለእኛ ትምህርት በነጻ ነው፣ አይደል?» ቢላችሁ፣ «አዎ» ብላችሁ አትሸኙት። የት፣ በየትኛው ወረቀትና እስከ ምን ድረስ ነጻ እንደሆነ አብራችሁት ተመልከቱ።

ኮሎራዶ ያለው ፎርት ሉዊስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሞሪስ ካምፓስ ደግሞ ከ1909ኙ ውል የተነሳ እነዚህን ተማሪዎች ቲዩሽን (የትምህርት ክፍያ) አያስከፍሉም። ሁለቱም ቦታዎች የፌዴራል መንግሥት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው ለይቶ ያስተማረባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ለግዛቶቹ ሲተላለፉ እነዚህ ተማሪዎች በነጻ እንዲማሩ ተብሎ ግዴታ ገባ። ስለዚህ ለተማሪው ችሮታ እንደምትሰጡት ሆናችሁ አታናግሩት፤ የሚጠይቀው መብቱን ነው።

ሚሺጋን ቲዩሽን ለማስቀረት 12 ወር ነዋሪነትና ጎሳው ያረጋገጠው ቢያንስ ሩብ የደም ድርሻ (ከነባር ሕዝቦች የተወረሰ የዘር ድርሻ) ትጠይቃለች። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2022 የጀመረው ቲዩሽን የሚያስቀር እቅድ ደግሞ የግዛቷ ነዋሪ ለሆኑና ፌዴራል መንግሥት እውቅና በሰጠው ጎሳ ለተመዘገቡ ነው። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ የደም ድርሻ ምስክር ወረቀት የጎሳ አባልነት ማስረጃን አይተካም። ተማሪው አንዱን ይዞ ሌላው ሲጠየቅ ሴሚስተሩ ይጀምራል።

ቲዩሽን ቢቀርም ቤት ኪራይ፣ ምግብና መጽሐፍ አለ። ስለዚህ «ነጻ ነኝ» ያለውንም ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) አስሞሉት፤ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ) ለ2025–26 እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። ግን ኮሌጃችሁ የቲዩሽን ነጻነቱን የሚቆጥረው ከፔል በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ ፔሉ ለኪራይ ይተርፋል፤ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ቲዩሽኑን ይበላዋል። ይህን አለቃችሁን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ።

አሁን ወደ ጠረጴዛችሁ ልምጣ። ብዙ ጎሳዎች የራሳቸውን ስኮላርሺፕ ከመስጠታቸው በፊት የተማሪውን ወጪና ያገኘውን ድጋፍ የሚያሳይ ቅጽ ኮሌጁ እንዲሞላ ይፈልጋሉ። ተማሪው ሊሞላው አይችልም፤ የእናንተ ፊርማ ነው የሚጠበቀው። ቅጹ በወረቀት ክምር ሥር ሁለት ሳምንት ካደረ የጎሳው የመጨረሻ ቀን ያልፋል፤ ልጁ ምንም ሳያጠፋ የዓመቱን ገንዘብ ያጣል። በመጣ በማግስቱ ሞልታችሁ ላኩት፤ ቅጂውን ለተማሪው ስጡት።

የጎሳው ገንዘብ ዘግይቶ ገብቶ ድምሩ ከወጪው ከበለጠ፣ ሲስተሙ የሚቀንሰውን ዝም ብላችሁ አትዩ። መጀመሪያ ብድሩ ይቀነስ፤ ግራንቱን አትንኩበት።